ግድብ እንዳላቸው ለማያውቁ የግድብ ባለቤቶች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ከአትላንታ በስተምሥራቅ በእኛ ሰብዲቪዥን (የመኖሪያ ሠፈር) ለምትኖሩ ሐበሻ ጎረቤቶቼ፤ እንዲሁም በጆርጂያ ስሙ ውስጥ «ሌክ» (ሐይቅ) የሚል ቃል ባለበት ሠፈር ቤት ለገዛችሁ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር የኤችኦኤው፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን፣ ስብሰባ አልቆ ወደየመኪናችን ስንሄድ፣ ፓርኪንጉ ላይ የሰማሁት ወሬ ሁሉ በአማርኛ ነበር። «ለኩሬ ብሎ አራት ሺህ ዶላር!» አለ አንዱ። «የእኔ ቤት እኮ ከሐይቁ አይታይም፣ ምን አግብቶኝ ነው የምከፍለው?» አለች ሌላዋ። አንድ ወንድማችን ደግሞ «ተዉ፣ ለዳክዬዎቹ ነው፣ ጽድቅ ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ስቄያለሁ።

የሐይቃችንን ግድብ ለመጠገን የተጠየቅነው መዋጮ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ከጎደሉት ድምፆች ብዙዎቹ የእኛ ናቸው። ወይ አልመጣንም፤ ወይ መጥተን «አይሆንም» ብለናል። እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት በግድቡ ላይ የበቀሉት ዛፎች ይነሡ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ እጄን ከፍ አድርጌ ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ። ጥላ ነው፣ ያምራል ብዬ። ስለዚህ ይህን ከተከሳሽ ለተከሳሽ የተጻፈ ደብዳቤ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

የሚቀጥለው ድምፅ ማክሰኞ ማታ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአማቼ ነው። የባለቤቴ አባት ባለፈው ዓመት ለልጃችን ክርስትና ከባሕር ዳር መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በግብርና መሥሪያ ቤት፣ በአነስተኛ መስኖ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። በመጡ በሦስተኛው ቀን እንናፈስ ብዬ ወደ ሐይቁ ይዣቸው ሄድኩ። ውሃውን ያደንቃሉ ብዬ ነበር። ዞር ብለውም አላዩት። የእግር መንገዱን ትተው በግድቡ ጀርባ፣ በጥዶቹ መሃል ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። በሰባ ምናምን ዓመታቸው!

«ይሄን ዛፍ ማን ተከለው?» አሉኝ።

«ማንም አልተከለውም አባባ፣ ራሱ ነው የበቀለው።»

«ግድብ ላይ? እኛ እኮ ላም ስትወጣበት እንኳ እረኛውን እንቆጣ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉና «ባለቤቱ ማን ነው?» አሉ።

አሰብ አደረግኩ። «እኛ» አልኳቸው።

«እናንተ ማናችሁ?»

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ በደንብ አልመለስኳትም።

ግርጌው ላይ ስንደርስ እግራችን ረጠበ። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ዙሪያው ያለው ሣር ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አንድ ምንጣፍ የምታህል አረንጓዴ አለች፤ ፊላም በቅሎባታል። ከሥሯ ክር የመሰለ ውሃ ይወጣል። አማቼ ከቤት የሻይ ብርጭቆ እንዳመጣ ላኩኝ። ውሃውን ቀዱና ኩሽና መስኮት ላይ አስቀመጡት። ሲነጋ ጠራ ብሎ ነበር። ከታች ምንም አልዘቀጠም።

«ደህና ነው» አሉ። «የማያፈስ የአፈር ግድብ አላየሁም። ውሃ ብቻ ሲወጣው ላቡ ነው። አፈር ይዞ ሲወጣ ግን ደሙ ነው። በየሳምንቱ እየቀዳህ እይ።»

እሳቸው ለገና ተመለሱ። እኔም እየሳቅኩ በየቅዳሜው እቀዳ ነበር። በየካቲት ሦስት ቀን ሙሉ ከዘነበ በኋላ የቀዳሁት ብርጭቆ ግን አደረና ከታቹ አተላ አሳየኝ። የቡና አተላ የመሰለ፣ ቀለሙ ግን ቀይ። የጆርጂያን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ፤ ከልጆች ካልሲ አይለቅም። ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። የመለሱልኝ አንድ ቃል ነው። «ንገራቸው።»

እስቲ ወደ ግድቡ ልመለስ። ብዙዎቻችን ቤቱን ስንገዛ ሪልተሩ «ሌክ አለው» ነው ያለን። ግድብ አላለንም። ክሎዚንግ ላይ ከፈረምንበት የወረቀት ክምር ውስጥ ግን ቃሉ አለ፤ እኔ ያገኘሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ በአትላንታ ዙሪያና ከዚያ ወደ ሰሜን የምታዩት ሐይቅ ሁሉ ማለት ይቻላል ሰው ሠራሽ ነው። ትልቁ ላኒየርም፣ አላቱናም ግድብ ናቸው። እነሱ የመንግሥት ናቸው፤ ጠባቂ አላቸው። የእኛውን የሠራው ቤቶቹን ያለማው ሰው ነው። ውሃ የሚያይ ቤት በውድ ይሸጣልና ጅረቷን በቀይ አፈር ዘጋት። ሸጦ ሲጨርስ ግድቡን ለማኅበሩ አስረክቦ መንገዱን ቀጠለ። ማኅበሩ ማለት ደግሞ እኔና እናንተ ነን።

የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በሚይዙት አገራዊ መዝገብ ውስጥ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች አሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የግል ናቸው። የገበሬ፣ የክለብ፣ የቤተ ክርስቲያን ካምፕ፣ እንደኛ ያለ የሠፈር ማኅበር። ግድብ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ትልቅ ኮንክሪት ነው። አብዛኛው ግን ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ ነው። ብዙ ሰው ውሻውን እያናፈሰ በላዩ ያልፋል፤ ግድብ ላይ መሆኑን አያውቅም።

አሠራሩ አያስቸግርም። ጅረት የሚወርድበትን ሸለቆ በተጠቀጠቀ አፈር ትዘጉታላችሁ፤ ውሃው ይጠራቀማል። ትርፉ የሚወጣበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሐይቁ ውስጥ ቆሞ የምታዩት ቋሚ ቱቦ ነው፤ የእኔ ልጅ «የዓሣዎቹ ጭስ ማውጫ» የምትለው። ውሃው አፉ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይገባል። ከዚያ በግድቡ ሆድ ሥር በተቀበረ አግድም ቱቦ ታች ወዳለው ጅረት ይወጣል። ሁለተኛው በግድቡ ጫፍ በኩል ያለው ሰፊ ሣራማ ቦይ ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ብቻውን ስለማይችል የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። ቦዩ ላይ አሁን አንድ ጎረቤታችን ትራምፖሊን ተክለውበታል። ጀልባም ያቆሙበታል። ሰውየውን አልወቅስም፤ ሣር ሜዳ ነው የመሰላቸው።

የአፈር ግድብ የማይችለው ነገር ቢኖር ውሃ በአናቱ ሲያልፍበት ነው። ኮንክሪት ቢሆን ለጥቂት ሰዓት ይችለው ይሆናል። አፈር ግን ይታጠባል። ሌላው ጠላቱ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ነው። የእኛ ቱቦ ሞገድ ሞገድ ያለው ብረት ነው። በዚያን ዘመን ርካሽ ስለነበር በብዙ ሠፈር የተቀበረው እሱ ነው። ብረት ደግሞ ይዝጋል። መጀመሪያ የሚበላው ውሃ የማይለየው ሆዱ ነው። ሲበሳ በዙሪያው ያለው አፈር ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ቱቦው ይገባና ይታጠባል። ከላይ ብታዩት ሣሩ ለምለም ነው። ከሥር ግን ዋሻ ይሆናል።

ዛፎቹም እንደዚያው ናቸው። የጥድ ሥር ውሃ ሲፈልግ ግድቡን ሰንጥቆ ይገባል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና በቦታው ቧንቧ ይቀራል። ማዕበል ሲነቅለው ደግሞ ከሥሩ ጋር ተገንጥሎ የሚሄደው የግድቡ አፈር ነው። በ2024 መስከረም ላይ ሄሊን የተባለችው ማዕበል በኦገስታ በኩል ያንን ሁሉ ዛፍ ስትገነድስ አይታችኋል። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) እና «በቃ፣ መጋዝ አምጥተን ቅዳሜ እንቁረጠው» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዳትሞክሩት። የትልቅ ዛፍ ጉቶና ሥር እንዴት እንደሚወጣና ጉድጓዱ በምን እንደሚሞላ የሚወስን መሐንዲስ ያስፈልጋል። ካለዚያ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ወደነበርንበት ተመለስን ማለት ነው።

ወደ ቶኮዋ ፏፏቴ የሄዳችሁ ትኖራላችሁ። ከአትላንታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። ከፍታው 186 ጫማ፣ 57 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚገኘውም በአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። እኛም ልጆቹን ይዘን ሄደን ፎቶ ተነሥተናል። ያኔ ከፏፏቴው በላይ ምን እንደነበር አላውቅም ነበር።

ኬሊ ባርንስ የሚባል ግድብ ነበር። መጀመሪያ በ1899 ገደማ ከድንጋይና ከእንጨት ተሠራ። በኋላ ኮሌጁ መብራት ለማመንጨት አፈር እየደረበ ከፍ አደረገው። በ1957 መብራት ማመንጨቱ ቀረ። ሐይቁ ግን አልፈረሰም፤ መዝናኛ ሆነ። በ1977 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ለቀናት ዘነበ። ኖቬምበር 6፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ሰባት ተኩል አካባቢ ግድቡ ተናደ። ውሃው በፏፏቴው ወርዶ ግቢው ውስጥ ገባ። 39 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ጎርፉ የበረታባቸው ከጅረቱ ዳር በተንቀሳቃሽ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ተኝተው ነበር።

መንስኤውን የመረመሩት የፌዴራል ባለሙያዎች አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት ላይ አልደረሱም። የጀርባው ቁልቁለት ከመጠን በላይ ቀጥ ማለቱን፣ የአፈሩን መንሸራተትና ውስጥ ለውስጥ መሸርሸሩን አንድ ላይ ጠረጠሩ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን አንድ ፎቶ ነው። የተነሣው በ1973 ነው። ከግድቡ ጀርባ ላይ ሠላሳ ጫማ ስፋት ያለው አፈር ተንሸራትቶ ይታያል። አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ፎቶውን ያነሣው ሰው አየው፤ ሌሎችም ሳያዩት አልቀሩም። እኔም ስልኬ ላይ የብርጭቆ ፎቶ አለኝ።

በዚያች ሌሊት የወጣው ውሃ ስንት ነበር? 777 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል። ብዙ ይመስላል? ሕዳሴ ግድባችን የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህን ቁጥር እያንዳንዳችን ከእንቅልፋችን ቢቀሰቅሱን እንናገረዋለን። የቶኮዋው ከዚያ ከ95 ሺህ እጅ አንዱ አይሆንም። ያንን ነው «ኩሬ» የምንለው። 39 ሰው ለመግደል ግን በቂ ነበር።

ሕዳሴን ካነሣሁ አይቀር ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚህ አትላንታ ውስጥ ስንቶቻችን አልቅሰናል። ከደመወዛችን ቀንሰን ያዋጣን አለን፣ ቦንድ የገዛን አለን። ያየነው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ጉባ ሄደን የረገጥነው ጥቂት ነን። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ላለ ግድብ «የኔ ነው» ለማለት ማንም አላስተማረንም። በወረቀት፣ በሕግ፣ በፊርማችን የእኛ የሆነውን፣ በእግር ስድስት ደቂቃ የሚያስኬደውን ግን «የእነሱ ነው» እንላለን። እነማን ናቸው እነሱ?

አሁን ስለ ማኅበሩ ቦርድ። ቦርዱም አይታማም ማለት አይደለም። ስለ ብርጭቆው በኢሜይል ስጽፍላቸው የመጣልኝ መልስ «የተፈጥሮ ምንጭ ነው፣ ድሮም ነበር» የሚል ነው። ስድስት ሳምንት ጨቀጨቅኩ። በመጨረሻ መሐንዲስ ቀጠሩና ቱቦው ውስጥ ካሜራ ገባ። ሆዱ በሦስት ቦታ ተበልቶ ተገኘ። ይህም ሆኖ ለእኛ የላኩልን ቴክኒካል ቃላት የተሞላ አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ «ግድባችን ታሟል» የምትል አንዲት ግልጽ ዐረፍተ ነገር የለችበትም። እኔ እንኳ ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ገንዘቡ ነው። ስንትና ስንት ዓመት በየዓመቱ ስንከፍል ኖረናል። ለሣር ማጨጃ፣ ለበር አበባ፣ ለገና መብራት፣ ሐይቁ መሃል ለምትረጨው ፏፏቴ ወጥቷል። ለግድቡ ተብሎ የተቀመጠ ሳንቲም የለም። እድራችን እንኳ ነገ የሚሞት ሰው እንዳለ አውቆ ዛሬ ይቆጥባል።

ሌላም አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ሣር የሚበሉ ዓሦች ተገዝተው ሐይቁ ውስጥ ተጨመሩ። እንዳያመልጡ ተብሎ በቋሚው ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት ታሰረ። ቅጠል ሲሞላው ውሃው መውጫ ያጣል። ይህን ሳይ በፔንሲልቬንያ የሆነው ትዝ ይለኛል። ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር፤ የባለጸጎች የዓሣና የአደን ክለብ ንብረት። የብረት ከበርቴዎቹ እነ ካርኔጊ፣ እነ ፍሪክ አባል ነበሩ። ሐይቁን ለማፍሰሻ የነበሩትን ቱቦዎች ቀደም ያለ ባለቤት አውጥቶ ሸጧቸዋል። ክለቡ ሠረገላ እንዲያልፍ ብሎ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ። በማስተንፈሻው ላይም ዓሣ እንዳያመልጥ መረብ አኖረ። ሜይ 31፣ 1889 ከብዙ ዝናብ በኋላ ተናደ። ከታች የነበረው ጆንስታውን የሚባል የብረት ሠራተኞች ከተማ ነው። 2,209 ሰዎች ሞቱ። ክለቡን ተጠያቂ ያደረገ ፍርድ ቤት አልተገኘም። እኛ ወንፊት ያሰርንላቸው ዓሦች ግን እጅግ ደህና ናቸው፤ ወፍረዋል።

ሕጉን በአጭሩ ላስረዳ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ጆርጂያ ከቶኮዋ በኋላ በ1978 የግድብ ደህንነት ሕግ አወጣች። ፕሬዚዳንቱ ጂሚ ካርተርም የዚሁ አገር ሰው ነበሩና በመላ አሜሪካ ያሉ ለሰው ሕይወት የሚያሰጉ የፌዴራል ያልሆኑ ግድቦች እንዲፈተሹ አስጀመሩ። የጆርጂያው ሕግ 25 ጫማና ከዚያ በላይ ከፍታ ያላቸውን፣ ወይም 100 ኤከር ፉት፣ ማለትም 123 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ መያዝ የሚችሉትን ይመለከታል። እነሱንም በሁለት ይከፍላቸዋል። ቢፈርስ ሰው ሊገድል የሚችለው አንደኛ ምድብ ይባላል። ሰው ይገድላል ተብሎ የማይጠበቀው ሁለተኛ ምድብ ነው።

ልብ በሉ፣ ምድቡ ስለ ግድቡ ጥንካሬ የሚናገረው ነገር የለም። የሚያየው ከበታቹ ማን እንዳለ ነው። ግድባችን ሲሠራ ከታቹ የነበረው ጫካ ብቻ ነው። አሁን መንገዱን ተሻግሮ ጅረቷ ዳር ያለውን አፓርታማ ታውቁታላችሁ። እኛ አንድ አፈር አልጨመርንም። አፓርታማው ስለተሠራ ብቻ ግድቡ ሌላ ግድብ ሆነ።

ያ አፓርታማ ውስጥ ማን እንዳለ ልንገራችሁ? እኛ ነን። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የነበርነው እኛ። ዲቪ ደርሶት ባለፈው ወር የገባ ልጅ፣ ሌሊት መጋዘን የሚሠራ፣ ልጆቹን አያት እጅ ላይ ትቶ የሚወጣ። እኔ ራሴ አሜሪካ ስገባ የተከራየሁት እንደዚያ ያለ መሬት ላይ ያለ ክፍል ነው፤ ርካሹ እሱ ስለነበር። እነሱ በእኛ ኤችኦኤ ድምፅ የላቸውም። ከበላያቸው ግድብ መኖሩን የነገራቸውም የለም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት አነጋገርኩ። «ሐይቅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ወስጄ አሳያቸዋለሁ» ብላ ፈገግ አለችልኝ። ምን ልበላት?

«ሃምሳ ዓመት የቆመ ዛሬ ምን ያደርገዋል?» ለምትሉ። በ1994 ጁላይ አልቤርቶ የተባለው ማዕበል ጆርጂያ ላይ ቆሞ ቀረ። አሜሪከስ በሚባለው ከተማ በ24 ሰዓት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። በዚያ ሳምንት በዚህ ክፍለ ግዛት ብቻ ከ200 በላይ ግድቦች ፈረሱ። አብዛኞቹ እንደኛው ያሉ ትናንሾች ናቸው። በ2015 ኦክቶበር ደግሞ ጎረቤታችን ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሃምሳ የሚሆኑ ፈረሱ። ኮሎምቢያ ከተማ ላይ፣ ጊልስ ክሪክ በሚባለው ጅረት፣ የላይኛው ሐይቅ ሲናድ ውሃው የታችኛው ላይ እየተጫነ ወረደ። እዚያም ብዙዎቹ የሠፈር ሐይቆች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውም ሰብዲቪዥኖች። ሁሉም እስከዚያች ቀን ድረስ ቆመው ነበር።

«መንግሥት ይሥራው» ለምትሉ። መንግሥት ይመረምራል፣ ያዛል፤ ለግል ግድብ ግን ሒሳቡ የባለቤቱ ነው። «ኢንሹራንስ አለኝ» ለምትሉ፣ ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ እዩት። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻው የሚገዛ ነው። ቤታችሁ ከሐይቁ የማይታይ ከሆነም፣ በማኅበሩ በኩል ባለቤትነቱ ከእኔ እኩል ነው፤ ሲከሰስም የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው።

«ለምን አፍርሰነው አንገላገልም?» ያላችሁን ግን አልንቅም። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጅረቷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ሜዳ ይሆንልናል። ማፍረስም ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ፈቃድ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ ደለል አለ። የእኔን ካላችሁ፣ ለጥገናም እጄን አወጣለሁ፣ ለማፍረስም አወጣለሁ። የማልችለው ሦስተኛውን ነው፤ እንዳለ ትተን ወደ ቤት መሄዱን።

ሐይቁ ዝቅ ማለቱ ያናደዳችሁም ብዙ ናችሁ። ጭቃው ይሸታል። እውነት ነው። ጀልባዎቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ቤት ሊሸጥ ያሰበው ጎረቤቴ አኩርፎኛል። ግን ውሃው የወረደው ግድቡ ላይ ያለው ጫና እንዲቀንስ መሐንዲሱ ስላዘዘ ነው። የታችኛው ቫልቭ ዝጎ አልከፈት ብሎ በፓምፕ ነው የወጣው። እባካችሁ «ሙሉልን» የሚለው ፊርማ ማሰባሰቢያ ላይ አትፈርሙ። ባለፈው ሳምንት በሬን ያንኳኳችውን እኅት ቡና ጋብዤ ብርጭቆውን አሳየኋት። ሳታስፈርመኝ ሄደች፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ገንዘቡ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሞርጌጅ አለ፣ ደይኬር አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። ቦርዱን በሠላሳ ስድስት ወር እንዲከፈል ጠይቀን እሺ ብለዋል፤ በጽሑፍ ይዤዋለሁ። ከሥራ የወጣ ወይም የታመመ ካለ ይንገረኝ። እድር እናውቃለን፣ እቁብ እናውቃለን፤ አምስት ስድስት ሰዎች ሆነን መላ እንፈጥራለን። የማክሰኞው ድምፅ ላይ መገኘት የማትችሉ ውክልና መስጠት ትችላላችሁ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ ተርጉሜዋለሁ፤ ቤቴ መጥታችሁ ውሰዱ። ማታ ለምትሠሩት በራችሁ ድረስ አመጣለሁ።

ከቦርዱ ደግሞ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ወንፊቱ ነገውኑ ይነሣ፤ ይህ ገንዘብ አይፈልግም፣ ፕላየር ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ፣ መንገዱን ተሻግሮ ላለው አፓርታማ ነዋሪዎች ግድቡ ቢያሰጋ ማን እንደሚደውልላቸው፣ በየት በኩል እንደሚወጡ የሚናገር ወረቀት በየቋንቋው ይዘጋጅ። አማርኛውንና ትግርኛውን እኛ እንሠራለን። ስፓኒሹን የሚሠራልን ጎረቤት አግኝተናል።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግድቡ ግርጌ እገኛለሁ፤ በፈረንጁ ዘጠኝ። እርጥቧን ቦታ፣ የቱቦውን መውጫ፣ ያንን ባለ ትራምፖሊን ቦይ እየዞርን እናያለን። አማቼም በቪዲዮ ይኖራሉ፤ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቋቸው፣ መልስ አይቆጥቡም። ቡናና ዳቦ አለ። ነጭ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ፤ አፈሩ አይለቅም።

አክባሪያችሁ፣
ከግድቡ በላይ የሚኖር ጎረቤታችሁ